ፊተኛው ሯጭ

ጀርመናዊው የለጋት ኳስ የቬሰልን ጆሮ ታክካ አለፈችና ከግቡ አግዳሚ በላይ ወጣች።

"ተኝተሃል እንዴ?" ብሎ ጮኸበት ግብ ጠባቂው ማርኑስ። "ፈጥነህ ውጣና መንገዱን ዝጋበት እንጂ! እንደ ሙሽራ ትንቀባረራለህ!"

"እሺ፣ ሰማሁ።"

"ብትሰማማ ጥሩ ነበር!"

ቬሰል ጭምብሉን አውልቆ ወደ ግቡ ውስጥ ወረወረና ወደ ቦታው ተመለሰ። በኔዘርላንድ ብሔራዊ የሜዳ ሆኪ ቡድን ውስጥ ፊተኛው ሯጭ እሱ ነው። ተጋጣሚ የማዕዘን ቅጣት ምት ሲያገኝ፣ ከግቡ መስመር ተነስቶ ጠንካራዋን ኳስ በዱላ ወደሚለጋው ሰው ፊት ለፊት ይሮጣል። ጤነኛ ሰው ድንጋይ ሲወረወርበት ይሸሻል፤ የእሱ ሥራ ግን ወደ ድንጋዩ መሮጥ ነው። ስምንት ዓመት ሲሮጥ አንድም ቀን ፈርቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ፈርቷል፤ ኳሷ የመጣችው ሁለት ሆና ነውና።

ሊጉ ከኅዳር ጀምሮ ከአገር አገር ሲያንከራትታቸው ከርሞ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት አንትወርፕ ላይ አንዲት ኳስ ጭምብሉን ሰነጠቀችው። በማግስቱ የቡድኑ ሐኪም ሃኔከ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችው። ቃላት አስታወሰ፣ መብራት ሲበራ ቁልፍ ተጫነ።

"ከመስከረሙ ውጤትህ ፍንክች አላለም" አለችው። "ራስህን ያምሃል?"

"በፍጹም።"

የመስከረሙ ውጤት ደግሞ ውሸት ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ሁሉም ያንን ፈተና ይፈተናሉ፤ ኋላ ጭንቅላታቸው ሲመታ የሚመዘኑት በዚያ ነው። ማርኑስ ያኔ በሹክሹክታ "ስማ፣ ጎበዝ አትሁን" ብሎት ነበር። "ትንሽ ፍዝዝ ብለህ መልስ። ኋላ ተመትተህ ብትፈዝ ውጤትህ ያው ይሆናል፣ ማንም አያውቅብህም።" ግማሹ ቡድን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቬሰልም እየሳቀ አደረገው።

አሁን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ኮምፒውተሩ ደህና ነህ ብሎታል፣ ሐኪሟ አምናዋለች፣ አሰልጣኙ አሰልፎታል። ሂድ ውጣ የሚለው ሰው በዓለም ላይ አልተረፈም። ሚስቱ ፌና እንኳን ጠዋት ቁርስ ላይ ስቃበታለች።

"አንተ፣ ቅቤውን የምትቀባው ሳህኑን ነው እኮ!"

"ሐሳቤ ጨዋታው ላይ ሆኖ ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

ሳህኑና ዳቦው ተደራርበውበት እንደነበር አልነገራትም። ቢነግራት ታስቀረዋለች። ዛሬ በአገራቸው ሜዳ፣ አምስተልቬን ላይ ጀርመኖችን ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ ነው፤ አቻ ከወጡ ግን የጀርመኖች ይሆናል። ሁለት ለአንድ እየመሩ ነበር።

የማብቂያው ድምፅ ሊሰማ ሲል ኳሷ የአንድ ተከላካይ እግር ነካች። ዳኛው እጁን ወደ ግቡ ዘረጋ፤ እንደገና የማዕዘን ቅጣት ምት። ወዲያው ሰዓቱ አለቀ። የማዕዘን ምት ሳይጠናቀቅ ግን ጨዋታ አያበቃም፤ በመሃሉም ተጫዋች መቀየር ክልክል ነው።

ቬሰል ጭምብሉን አጠለቀ፤ የጉልበት መከላከያውን አሰረ። ቀና ሲል ከወዲያ ማዶ ጀርመናዊው መቺ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ከጎኑም ሌላ እሱን የሚመስል ሰው ጎንበስ ብሏል። ቬሰል ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሁለቱም አሉ። ወደ የትኛው ነው የሚሮጠው? ሕመሙን አይደለም የፈራው። ነገ ጠዋት ነቅቶ፣ አጠገቡ የተኛችውን ሴት ስም ቢያጣውስ?

"ማርኑስ" አለ። "አይታየኝም።"

"ፀሐዩ ነው።"

"ፀሐዩ አይደለም። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው። ከአንትወርፕ ጀምሮ።"

ማርኑስ በጭምብሉ ብረት ውስጥ አፈጠጠበት። "ፈተናውን አልፈሃል እኮ!"

"አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ነዋ።"

ማርኑስ ዞር ዞር ብሎ ሰው እንዳልሰማቸው አየ። ከዚያ ተንሾካሾከ። "አንድ ምት ናት የቀረችው። አንዲት ምት! ጨፍነህም ቢሆን ሩጥ። አንተ ከወጣህ በአንድ ሰው እንጎድላለን።"

"አውቃለሁ።"

"ዋንጫ ነው፣ ሰውዬ!"

"ፈርቻለሁ" አለ ቬሰል። ይህን ቃል ሜዳ ላይ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። "ሞት እስኪመስለኝ ፈርቻለሁ።"

ጭምብሉን አውልቆ ከግቡ ቋሚ አጠገብ ለቆመው ተከላካይ ለቴይመን ሰጠው። ቴይመን ዓይኖቹን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ አጠለቀው። ቬሰል ለዳኛው እጁን አነሳና ከሜዳው ወጣ። ከመቀመጫዎቹ ፉጨት ወረደበት። "ፈሪ!" ያለውም አልጠፋ።

ሃኔከ እየሮጠች መጥታ ከመስመሩ ውጭ አስቀመጠችው።

"ምን ሆንክ? ጡንቻህ ነው?"

"ጭንቅላቴ ነው። የመስከረሙን ፈተና ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት።"

ሐኪሟ ተንበርክካ ጣቷን በዓይኖቹ ፊት አመላለሰች። ፊቱ ላይ ደም የሚባል አልነበረም። ከበስተጀርባው ፊሽካ ተነፋ። ቬሰል አልዞረም። ኳሷ የግቡን የኋላ ጣውላ ስትመታ ሰማት፤ ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የጀርመኖቹ ጩኸት ተከተለ። ዋንጫው ሄደ። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልሄደም፤ አሁንም ጥርሱን ያንገጫግጨዋል።

"ወደ ውስጥ ልውሰድህ" አለችው ሃኔከ።

"መጀመሪያ ፌናን ጥሪልኝ" አላት። "የምነግራት አለኝ።"