የሲስተር ጣሳዎች

«ኧረ ቁጭ በይ! ሰው ምን ይላል?» አክስቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች።

«ሰው የፈለገውን ይበል፤ አይጥ ግን አይብላ!» አለች አናጢዋ፣ ከለቅሶው ፍራሽ ላይ ብድግ ብላ።

ለቀስተኞቹ ተያዩ። አንዲት ጎረቤት ሳቋን በመሃረቧ አፈነች።

እናቷን የቀበሩት ትናንት ነበር። ዛሬ በጠዋት ወደ በረንዳው ብቅ ስትል፣ እናቷ በቀለም ጣሳ ካፈሏቸው የሎሚ ችግኞች ገሚሱ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተግጦ፣ አፈሩ ሲሚንቶው ላይ ተዝረክርኮ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ የማንም ማጽናኛ ጆሮዋ አልገባም።

እናቷ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከአይጥ ጋር እንደተፋለሙ ነው የኖሩት። ሚጥሚጣ ነሰነሱ፤ አይጦቹ ደህና ሆነው ሲስተር ሲያስነጥሱ ሰነበቱ። ድመት አመጡ፤ ድመቷ ችግኙን ደፍጥጣ ተኛችበት። ልጃቸው መርዝ ይዛ የመጣች ቀን ግን ቤቱ ተናወጠ።

«ይሄ እጅ ያዋለደ እጅ ነው፤ መርዝ አይነካም!»

«እማዬ፣ ለሎሚ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ገበያው ሞልቶ!»

«ገበያ ያለውማ ሎሚ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቱም የእርጅና ግትርነት ነው ብላ ተወችው።

አሁን ከእንጨት ሥራ ቤቷ ጣውላና የወንፊት ሽቦ አስመጥታ፣ በለቅሶ ልብሷ በረንዳው ላይ ተንበረከከች። ጣውላውን በመጋዝ ስትገዘግዝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ሽቦውን ከሥርም አልብሺው እንጂ።»

«አባባ፣ እርስዎ ማጽናናቱን ይያዙልኝ፤ ሥራውን እኔ አውቀዋለሁ» አለች፤ ከሥርም ግን አለበሰችው።

እንደ ትልቅ ሣጥን አድርጋ፣ ክዳኑን በማጠፊያ ገጥማ፣ የተረፉትን ችግኞች አስገባች። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑ ዙሪያ የአይጥ ዱካ ብቻ ነበር። «እርፍ!» አለች ጮክ ብላ።

የዚያን ቀን ከሰዓት አንዲት ፀጉር ሠሪ ልታለቅስ መጣች። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ቆየችና፣ «ችግኞቹስ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ምነው፣ ታውቂያቸዋለሽ?» አለች አናጢዋ።

«የመጀመሪያ ልጄ ሳይተነፍስ ነው የተወለደው። ከሆስፒታል ስወጣ ሲስተር በር ላይ ጠብቀው አንድ ጣሳ አስታቀፉኝ። ‹ባዶ እጅሽን ቤት አትገቢም፤ ይሄን አሳድጊ› አሉኝ። ዛሬ ዛፉ ከጣሪያዬ አልፏል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የወጣነው!»

አናጢዋ ወደ አክስቷ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አስምላኝ ነው» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «‹የሰው ሐዘን የቤት ወሬ አይሆንም› እያለች። እስካሁንም ነርሶቹ ከሆስፒታሉ እየመጡ ለእንዲህ ያሉ እናቶች ይወስዱ ነበር።»

«ይምጡ» አለች አናጢዋ። «ከእንግዲህ እኔ አፈላለሁ። አይጥ የማይደፍረው ቤት ሠርቼላቸዋለሁ።»

ተነስታ ወደ በረንዳው ወጣች። ችግኞቹን አጠጣችና፣ ከሁሉም ያነሰውን ከነጣሳው አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከጣሳው ቀዳዳ ጭቃ ውሃ እየተንጠባጠበ ጥቁር ቀሚሷን አራሰው።

«ልብስሽ!» አለች አክስቷ ከበሩ።

አላወረደችውም። በሌላኛው እጇም ደግፋ ጠበቅ አደረገችው።