ፈረጅ የመረጠው በቆሎ

በአልዩ አምባ ቁልቁለት ዘር መምረጥ እንደ ፈረጅ የሚያውቅበት የለም ቢባል ማንም አይከራከርም። አዝመራው ሳይሰበሰብ ማሳው ውስጥ ገብቶ እያገላበጠ ያይና ለዘር የሚሆነውን ነጥሎ ጭስ እንዲጠጣ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ዘር የለመነውን መንፈግ ደግሞ እርሱ ዘንድ ሐራም ነው።

በደርግ ጊዜ የእርሻ ሠራተኛው ብርሃነ መስቀል ከጎረቤላ ወርዶ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር አመጣ። ገበሬ ማኅበሩም ሁሉም ይዝራ አለ። ፈረጅ እያጉረመረመ ዘራ። መስከረም ላይ ግን ክንድ የሚያህል እሸት ሲያይ አፉን ያዘ። ሚስቱ ዙቤዳ የድሮውን የማሽላ ዘር ለክፉ ቀን እናስቀር ብትለው፣ ነቀዝ ልቀልብበት ነው ወይ ብሎ ለቂጣ አስፈጨው።

ብርሃነ መስቀል አስጠንቅቆ ነበር። ከዚህ በቆሎ ዘር አታስቀሩ፣ ልጁ እናት አባቱን አይመስልም፣ በየዓመቱ ከእኛ ውሰዱ ብሏል። ወይ ጉድ! ገበሬን ዘር አታስቀር ይባላል? ፈረጅ ሳቀ፤ በየዓመቱ ደጅ ሊያስጠኑን ነው አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ያላለ ገበሬ አልነበረም።

በዓመቱ ዘር የሚያመጣው መኪና ቀረ፤ ብርሃነ መስቀልም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ፈረጅ አልደነገጠም። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድገው እህቱ መሪማ ዘር ፍለጋ ስትመጣ፣ ከዚያው በቆሎ መርጦ ከሰቀለው ውስጥ ዋና ዋናውን ፈልፍሎ ሰጣት። የተረፈውን ለራሱ ዘራ።

ዝናቡ አልጎደለም። ግን ምን ያደርጋል! አንዱ አገዳ ሽቅብ ተመዞ ባዶውን ቀረ፤ ሌላው ከጉልበት አላለፈም፤ ያፈራውም እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ነው። ፈረጅ ፍየሎቹን እየሸጠ ከረመ። መሪማ ምን ትሽጥ? የመጨረሻው ልጇ በጥር ሞተ። ሰፈራ የሚሄድ ይመዝገብ ሲባል ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ተመዘገበች።

ፈረጅ መኪናው የቆመበት ድረስ ሸኛት። ትረግመኛለች ብሎ ነበር የሄደው፤ ብትረግመውም በወደደ። እርሷ ግን እጁን ይዛ ሳመችው።

«አንተ ምን ታድርግ፣ ወንድምዓለም» አለችው። «ለእኔ የሰጠኸኝ ከራስህ የሚበልጠውን ነው። አላህ ይስጥልኝ።»

መኪናው ሲነሣ ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡለት። ፈረጅ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።