ናታንኤል ጆን ፌርፊልድ

እዚህ አሜሪካ፣ ፕሌኖ ከተማ የምንከባከባቸው ሚስ ዶሮቲ ዓይናቸው ስለደከመ፣ የዘር ሐረጋቸውን ከድሮ መዝገብ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በመርከብ ከመጡት ፒዩሪታን ከሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች አንዱ የሆነው የጥንት አያታቸው አባት እሳቸው ጆን ነው፣ እህታቸው ሪቻርድ ነው በሚል ተኳርፈዋል። ሰኞ «ናታንኤል ጆን ፌርፊልድ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁና፣ «ይኸው፣ የጆን ልጅ ነው» አልኳቸው።

እራት ላይ ለልጄ ለማርያማዊት ስነግራት ሳቀች።

«ማሚ፣ እዚህ እኮ ሁለተኛው ስም አባት አይደለም። ሶ ጆን ሚድል ኔሙ ነው፤ የራሱ ተጨማሪ ስም።»

በማግስቱ ስህተቴን ልናገር ስገባ ሚስ ዶሮቲ ከእህታቸው ጋር ስልክ ላይ ነበሩ።

«እህቴ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ቅዳሜ ትመጣለች» አሉኝ ስልኩን ዘግተው። «እስቲ አንቺው አንብቢላት።»

ቅዳሜ እህትየው መጥተው አጠገባቸው ሲቀመጡ መዝገቡን ገለጥኩ።

«ናታንኤል፣ የጆን ልጅ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አለመንቀጥቀጡ አሳፈረኝ።