የራሱን ፊት ተሸክሞ የመጣ ሰው

ጀልባዋ በኮራል ዓለቱ መካከል ያለውን መተላለፊያ አልፋ ወደ ረጋው ውኃ እንደገባች ቪሊሞኒ ሞተሩን አጠፋ። መንደሩ ከፊት ለፊት ይታያል፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ነጭ የተቀባች ቤተ ክርስቲያን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ።

"ምነው አቆምክ?" አለ ኤሮኒ።

"ሽማግሌዎችህ በሌላ ጀልባ ነው የሚመጡት?"

"የምን ሽማግሌ? ብቻዬን ነኝ።"

ቪሊሞኒ ሻንጣውን፣ የምንጣፎቹን ጥቅል፣ ለመጠጥ የሚወቀጠውን የያንጎና ሥር እቅፍና የላምባውን ጀሪካን ተራ በተራ አየ። ከዚያ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሳቁን ለቀቀው። የኤሮኒ አጎት ልጅ ነው፤ በፊጂ ደሴቶች ደግሞ የአክስትና የአጎት ልጆች ሲገናኙ መሰዳደብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ጭምር ነው።

"እንዲህ ያለ ባዶ ቅል ተሸክመህ አውቶብስ አምነው የሰጡህ እነማን ናቸው? ብቻውን! ሚዜም ሙሽራም ራሱ!"

"መንጃ ፈቃድ ሲሰጡ ያንተን ቅል ቀድመው አይተው ነበራ፤ የኔ ተሻላቸው" አለ ኤሮኒ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሲወለድ የአባቱ ወገኖች የዓሣ ነባሪ ጥርስና ምንጣፍ ይዘው፣ ልጁን አቅፈው እናቱ መንደር ይሄዳሉ። "የልጃችሁን ፊት ተሸክመን መጥተናል" ይላሉ፤ የእናት ወገን ይቀበላል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያን ቀን ወዲያ ልጁ በዚያ መንደር እንደ ልቡ ነው፤ የአጎቱን አሳማ ከጉረኖው ጎትቶ ቢወስድ እንኳ ሃይ የሚለው የለም። የኤሮኒ ፊት ግን እስካሁን አልገባም። አባቱ ቴቪታ እናቱን ኡናይሲን ወንድሞቿን ሳይጠይቅ ነበር ይዟት የጠፋው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎም ወደ መንደሯ፣ ወደ ካንዳቩ ደሴት አልመጣም። ኤሮኒ አርባ ዓመት አልፎትም የእናቱን መንደር የሚያውቀው በወሬ ነው።

አምና እናቱ በዋና ከተማው በሱቫ ስትቀበር ዘመዶቿ በመርከብ መጥተው ነበር። አጎቱ ሳካራያ ከሬሳ ሳጥኑ ማዶ ተቀምጦ ሲያለቅስ ኤሮኒ ዓይኑን ፈለገ፤ ሽማግሌው አንገቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከክፋት አልነበረም፤ ያልገባን ፊት የእናት ወንድም አያይም። ለኤሮኒ ግን እናቱን በቀበረበት ቀን የሌለ ሰው መሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ አውቶብሱን ሲነዳ ማቆሚያ እያለፈ መንገደኛ ይጮህበት ጀመር፤ ቤት ውስጥም ሲጠሩት አይሰማም። ቄሱ ጸልይ አሉት፤ ጸለየ። በመጨረሻ ሚስቱን ላይሳን "ልሄድ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ማወቅ አለብኝ" አላት።

"ለሱማ ምን መንገድ አስፈለገህ፤ እኔ ልንገርህ" አለችው ልብስ እያጠፈች። "አባቱን ላለማናገር ብሎ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ነህ።"

ሰማት፤ ሄደ። አባቱ እነሱን ትቶ ከሌላ ሴት ጋር የኖረው ኤሮኒ ገና ተማሪ ሳለ ነው፤ ካደገ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተሰዳድበው ከተለያዩ ወዲህ አልተነጋገሩም። ስለዚህ የዓሣ ነባሪ ጥርሱን ራሱ ገዛ፤ በሥርዓቱ ላይ የሚባለውንም ንግግር ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ከስልኩ እየሰማ በቃሉ አጠና። መርከቡ ላይ ሲያስመልሰው እንኳ በየመሐሉ ይደግመው ነበር።

ቪሊሞኒ ጀልባዋን ወደ መንደሩ ሳይሆን ከመንደሩ አጠገብ ካለው ወንዝ ማዶ ወደሚገኘው የጀልባ ዳስ ቀዘፋት። "ከዚህ አታልፍም" አለ፤ አሁን አልሳቀም። "አባቴን ልጥራልህ። እስከዚያ የሚበላ ይመጣልሃል፤ ራበኝ ብለህ ጎማ እንዳትበላ።"

ምግቡ ቀድሞ መጣ፤ ጎደሬና በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ዓሣ። ቀጥሎ ሳካራያ ዱላውን ተደግፎ፣ በየመሐሉ እየቆመና እያረፈ መጣ። ዳሱ ውስጥ ለኤሮኒ ጎኑን ሰጥቶ ተቀመጠና ባሕሩን እያየ ተናገረ።

"መንገድ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር አጎቴ።"

"ማን አመጣህ?"

"ራሴ መጣሁ።"

"እግርህ መምጣቱን አየሁ። ፊትህን ማን አመጣው ነው የምልህ።"

ኤሮኒ ሽርጡን አስተካክሎ ተንበረከከ። ጥርሱን ከጨርቁ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘና ያጠናውን ጀመረ። ሦስተኛው ቃል ላይ ሽማግሌው እጁን አነሣ።

"መልሰው ልጄ። ሰው ራሱን አይሸከምም። እስቲ ወገብህን ይዘህ ራስህን ከመሬት አንሣ!"

"ይሞክራላ" አለ ከበሩ ላይ የቆመው ቪሊሞኒ፤ "እኔ በስልኬ ልቅረፀው።"

ኤሮኒ ተናደደ። "አባቴ ቢያጠፋ እኔ ምን አደረግሁ? ያስታመምኳት እኔ፣ የቀበርኳት እኔ! እሱ ጥሏት ሲሄድ ማታ ማታ ስታለቅስ የሰማሁት እኔ ነኝ። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ እኔ እዚህ እንደ ሌባ ዳስ ውስጥ እቀመጣለሁ። ይኼ ፍርድ ነው?" 

"ምንም አላደረግህም" አለ ሳካራያ። "ፍርድም አይደለም።"

ቪሊሞኒ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። "አባዬ፣ ለምን ፔኒን አንጠራውም? ከአውስትራሊያ፣ ከብሪዝበን ለመጣው ለዚያ ሰውዬ የአባት ወገን ሆኖለት የለ? አንድ እቅፍ የያንጎና ሥር ከሰጡት ፔኒ የማንም ወገን ይሆናል፤ አልቅስ ቢሉትም ያለቅሳል።"

ኤሮኒ ወደ አጎቱ ዞረ። ሽማግሌው ጉልበቱን አሸ።

"ይቻላል" አለ። "አባቱ ለሞተበት የተበጀ ነው፤ ግን ይቻላል። ነገ ጧት እናድርገው። ልቤ መሥራት እየሰለቻት ነው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አያየኝም። የኡናይሲን ልጅ ፊት ሳላይ መሞት አልፈልግም።"

"ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!" አለ ቪሊሞኒ፤ ፔኒን ሊጠራ ወንዙን ተሻግሮ ሮጠ። የኤሮኒ ልብ ቀለለ። ነገ በዚህ ሰዓት ከነዚያ ጣሪያዎች አንዱ ሥር ተቀምጦ፣ እያዩት፣ በስሙ እየጠሩት ይበላል። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፣ የሚያየው ባይኖርም።

"እናትህም እዚህ ተቀምጣለች" አለ ሳካራያ ድንገት። "አንተን አዝላ። እንዲህ ተቀምጣ እናታችን ምግብ ታመላልስላት ነበር።"

"አልነገረችኝም።"

"ምኑን ትነግርሃለች። ያን ጊዜም ሰው አዘጋጅተንላት ነበር፤ የፔኒ አባት። ሸሚዙን ለብሶ ቆሞ ነበር እኮ። እምቢ አለች።"

"ለምን?"

"'የልጄ አባት በሕይወት አለ' አለች። 'በውሰት ሰው ካስገባሁት አባት የሌለው አድርጌ ማስገባቴ ነው። ቴቪታ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።' አለችና በመጣችበት ጀልባ ተመለሰች። እናታችን እስከ ጡቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ጀልባዋን ይዛ ለመነቻት። ግትር ነበረች።"

"እሱ ግን አልመጣም።"

"አልመጣም" አለ ሽማግሌው። "ጠይቀኸው ታውቃለህ?"

 ኤሮኒ አባቱን ከሶት ያውቃል፤ ሰድቦት ያውቃል፤ ለሰው አምቶት ያውቃል። ናልኝ ብሎት ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እስካሁን እንዴት እንዳልታየው ገረመው፤ ቀጥሎ ላይሳ ትዝ አለችውና ተናደደ፤ ሚስት ትክክል ስትሆን የሚመጣው ንዴት ነበር።

"እኔ አላዝህም" አለ ሳካራያ። "ፔኒም ቢያመጣህ አቅፌ ነው የምቀበልህ። ከልቤ ነው የምልህ።"

ፔኒ ደረሰ። ወፍራም ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ መጣ። "የአባትህ አገር የት ነው?" አለ። ኤሮኒ ነገረው። "ናይታሲሪ? ደገኛ! ግድ የለም፣ ቅላፄያቸውን እችልበታለሁ።"

"ስልክ የሚሠራው የት ነው?" አለ ኤሮኒ።

ከዳሱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ፣ ማንጎው ሥር ነው። ቪሊሞኒ መራው፤ ፔኒም ነገሩ ስላጓጓው ተከተለ። ቁጥሩን ኤሮኒ አጥፍቶት ነበር፤ ግን በቃሉ ያውቀዋል። ብዙ ጠራ።

"ማን ልበል?" አለ ያረጀ ድምፅ። ከጀርባው የራግቢ ጨዋታ ይተላለፋል።

"ኤሮኒ ነኝ።"

ጨዋታው ተዘጋ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ካንዳቩ ነኝ። እናቴ መንደር።"

"አስገቡህ?"

"ብቻዬን መጥቼ ማን ያስገባኛል?"

"እሱስ ልክ ናቸው።" አለ ቴቪታ። "ሳካራያ አለ?"

"አለ።"

"ያኔ በዱላ አጥንቱን እሰብራለሁ ብሎ ልኮብኝ ነበር።"

"አሁን ዱላውን ከለቀቀ ራሱ ይወድቃል።"

አባቱ ሳቀ፤ ከዚያ እንዳልሳቀ ሆነ። ኤሮኒ ስድቡ ሁሉ አፉ ላይ ተሰልፎ ተሰማው፤ አብዛኛውም እውነት ነበር። ዋጠው።

"አባዬ" አለ። ቃሉ ከበደው። "እኔ ራሴን መሸከም አልቻልኩም። ና ተሸከመኝ።"

"በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለ ቴቪታ። "እሷ ከሞተች በኋላ? ሰው ምን ይላል? ደግሞ ባሕር አልችልም፤ ያስመልሰኛል።"

"እኔንም ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው።"

 ቴቪታ እሺም እምቢም አላለም።

"መርከቡ መቼ ነው የሚነሣው?" አለ በመጨረሻ።

"ዛሬ ማታ እመለስበታለሁ። ነገ ቤትህ መጥቼ እነግርሃለሁ።"

ስልኩን ዘጋ።  ቪሊሞኒ ከወትሮው በተለየ አንድም ስድብ አልተናገረም።

"ሰማህ ወይ ኤሮኒ" አለ ቀስ ብሎ። "መርከቡ በሳምንት አንዴ ነው፤ ማዕበል ከመጣ እሱም ይቀራል። አባትህ እሺ አላለህም። አባቴ ደግሞ አየኸው፤ እዚህ ድረስ እንኳ ስንቴ ነው ያረፈው። ካልቆየልህስ? ፔኒ ይኸው ቆሟል።"

ኤሮኒ ይህን አላሰበበትም ነበርና ፈራ። ቁልቁል ወደ ዳሱ አየ። ሽማግሌው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

"ካልቆየልኝ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል" አለ። "ጀልባዋን አዘጋጅልኝ።"

"እንግዲህ የኔ ነገር ቀረ?" አለ ፔኒ።

"የያንጎናውን ሥር ውሰደው፤ ሸሚዝህን ለብሰህ መጥተሃል።"

ወረዱ። ሳካራያ ያው ወደ ባሕሩ እንዳየ ነው፤ የሆነውን ቪሊሞኒ በጆሮው ነገረው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩን ሲነክስም ከጎኑ ታየ። ከእሱ ፊት ለፊት ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ አጭርና ደረቅ ነው። ኤሮኒ በዚያ ቢያልፍ አጎቱን አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ያየዋል፤ ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ። ማን ይከለክለዋል? ሻንጣውን አንሥቶ ጥቂት ቆመ። ከዚያ በስተኋላ ዞረ፤ እስከ ጉልበቱ በጭቃ እየገባ፣ ጎንበስ ብሎ ከሽማግሌው ጀርባ አለፈና ጀልባዋን መግፋት ጀመረ።

"ቶሎ አምጣው" አለ ሳካራያ፣ ዘወር ሳይል።