የፀሐይ ጆንያ

በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይን ምድር ላይ ስለማሰር የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም አስረው አያውቁም።

ዶክተር ህሩይ ቀለበት በሚመስለው ማሽን፣ በቶካማክ ያምናል። ዶክተር ሐብተ ማርያም ያንኑ ቀለበት ጠምዝዞ ስቴላሬተር ይለዋል። የሁለቱም ሐሳብ ፕላዝማ የሚባለውን እንደ ፀሐይ የጋለ ጋዝ ግድግዳ ሳይነካ በማግኔት ይዞ ኃይል ማውጣት ነው። ልዩነቱ ጥምዝማዜው ነው፤ ለጥምዝማዜው ሲሉ ሰላምታ ከተዉ ቆይተዋል።

በልጅነታቸው አንድ ቅኔ ቤት ተምረዋል። እዚያ ቤት ጎበዝ የሚባለው፣ የጓደኛውን ቅኔ የመጀመሪያውን ቤት ብቻ ሰምቶ መድረሻውን ቀድሞ የሚናገር ነበር። ሁለቱም ጎበዝ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬም ጽሑፍ ሲሰጣቸው ርእሱን ያነቡና የቀረውን ያውቁታል።

የዛሬው ጽሑፍ የምስጢር ነው። ምስጢር የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ ፊዚክስ ስታስተምር ቆይታ ለማስተርስ ፈቃድ ተሰጥቷት መጣች። ፈቃዱ በዚህ ሳምንት ያልቃል። የጥናት ሐሳቧ ዛሬ ካለፈ ይራዘምላታል፤ ከወደቀ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዛ ዘጠነኛ «ለ» ፊት ትቆማለች። ርእሷ፣ «በሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የማግኔት ወጥመድ እንደ ኃይል ማመንጫ» ይላል።

«እኅቴ፣ ጆንያ ነው ያመጣሽልን፤» አለ ዶክተር ህሩይ። «በሁለት በኩል አንገቱ የጠበበ፣ ግን ያልታሰረ ጆንያ። ጤፍ ብትሞዪበት ምን ይሆናል?»

«ይፈሳል።»

«ይኸው! ራሷ መሰከረች!»

«ጫፍ ያለው ነገር ያፈሳል፤» አለ ዶክተር ሐብተ ማርያም። «ቀለበት የተሠራው ለዚህ ነው። ቀለበቱም ቢሆን ካልተጠመዘዘ…»

«ተወን እባክህ ከጥምዝማዜህ!»

«ምነው? ያንተው እንደ ወተት ድንገት ይገነፍል የለም ወይ? ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ በተቆጣ ቁጥር ግድግዳውን ይጠብሰዋል።»

«ያንተን ማግኔትስ የትኛው አንጥረኛ ነው የሚያጣምመው? እንዲያ ያለ ቀንድ ሰይጣንም የለው!»

«ይበል!» አሉ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ገብረ ኢየሱስ። ሽማግሌ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ በአንድ ጆሯቸው ነው የሚሰሙት። ሸጋ ስድብ ሲሰሙ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይበል ይላሉ።

ከዚያ ሁለቱ ዶክተሮች ወደ ልጅቱ ዞሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀባበሉት። ህሩይ ጆንያው በየት በየት እንደሚያፈስ ሰሌዳ ላይ ሣለ፤ ሐብተ ማርያም የረሳውን ቀዳዳ ጨመረለት። ምስጢር የሚሉትን ሁሉ ጻፈች። የገረማት መተቸቷ አይደለም፤ ጥናቷን እየሠሩላት መሆኑ ነው።

«ልጄ፣ መልስ አለሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«መምህሮቼ ያሉት ልክ ነው። እኔም ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ያልሁት ይህንኑ ነው። ኃይል ያመነጫል መባሉን አልቀበልም፤ ለምን እንደማይሆን ላጠና ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ገጹን አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዶክተሮቹም ገለጡ፤ ወረቀቱ ተነክቶ ስለማያውቅ ተጣብቆ አስቸገራቸው። ገጹ መኖሩን አረጋግጠው መልሰው ከደኑት። ማንም አላፈረም፤ ለዶክትሬት እፍረት አይጠየቅም።

«እንግዲያው ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ ህሩይ። «የታወቀ ነገር አይጠናም። ይውደቅ።»

«ይውደቅ፤» አለ ሐብተ ማርያም። «ማፍሰሱን እኛው አሁን ነገርናት።»

ምስጢር ሰኞን አሰበች። ዘጠነኛ «ለ» ሰባ ሁለት ተማሪ ነው።

«ይፈሳል ብላችኋል፤» አለች ቀስ ብላ። «በስንት ጊዜ ነው የሚፈሰው?»

«ወዲያው ነዋ!»

«ወዲያው ስንት ነው?»

«የሰከንድ አንድ ሺኛ፤» አለ ህሩይ፣ ጣሪያውን አይቶ።

«ምን ነክቶህ ነው?» አለ ሐብተ ማርያም። «ደህና ተደርጎ ከተሠራ አንድ ሰከንድ ሙሉ ይይዛል!»

«በምን ስሌት?»

«ያንተስ በምን ስሌት?»

ፕሮፌሰር ገብረ ኢየሱስ በሚሰማው ጆሯቸው ዘንበል አሉ። «ከዚህ ደባርቅ አንድ ቀን ነው የሚል ሰውና ሦስት ዓመት ነው የሚል ሰው ተገናኝተው መንገዱን እናውቀዋለን ቢሉኝ፣ እኔ ሁለቱንም አልከተልም። ልጅቱ ትቁጠረው። አልፏል።» ፈረሙ። «ዋና አማካሪ የሚለው ባዶ ነው። ማንን እንጻፍ?»

«እኔን!» አለ ህሩይ። «የጊዜውን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ የተሳሳትኸው ነህ! እኔን ነው እንጂ!»

«እሷን ነው የጠየቅሁ፤» አሉ ሽማግሌው።

ምስጢር አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። «ከእርስዎ በቀር አንዲት ገጽ ያነበበልኝ የለም» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሳይስቁ የራሳቸውን ስም ጻፉ። እሷም ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ለምሳ ሳይዘጋ ለመድረስ ወደ ደረጃው ሮጠች።

«የሒሳብ ሰው ስለ ፕላዝማ ምን ያውቃል?» ሲል ከኋላዋ አንዱን ሰማች።

«ምንም፤» አለ ሌላው። «ደግሞ ምኑ ይነበባል፣ ርእሱ እያለ።»