የአልጋዬ ብረት

እኔ ተጸያፊ ሰው ነኝ። የሰፈሬ የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰዎች «ሸረፈዲን፣ መካኒክ ሆኖ ተጸያፊ የት አየህ?» እያሉ ሲስቁብኝ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ይሳቁ። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት አይቀፈኝም፤ የሚቀፈኝ ሰው ነው። ሰው በጠጣበት አልጠጣም፤ ሲያጎርሱኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው። ከአንድ ጣሳ ውሃ የምጠጣው ከባለቤቴ ከኡሙሰልማና ከሹፌሩ ከስማቸው ጋር ብቻ ነበር።

ስማቸው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ሙስሊም፤ የሰፈሩን ሟች ሁሉ የሚቀብረው ዕድር፣ ቅሬያችን ግን አንድ ነው። አሮጌ ፔጆ ፒክአፕ ነበረችው። ከሐርቡ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ ደሴ ያራግፍባት ነበር። ጦርነቱ ሲደርስ ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር ቁልፏን ለጎረቤቱ ለአራጋው አደራ ሰጥቶ ሚስቱን አልታየችንና ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወጣ። ሲመለስ መኪናዋ የለችም።

አራጋው የቅሬያችን ዳኛ ነበር። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን አንቱታው አፌን ይቀፈዋል። ሰፈሩ አውጫጭኝ ተቀምጦ እያንዳንዱ ያየውን ሲናገር፣ አራጋው ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና ታጣቂዎች እየጎተቱ ሲወስዷት በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። በዚያ ሰሞን ያልተወሰደ ነገር ስላልነበረ ማንም ደግሞ አልጠየቀውም። ስማቸው በዚህ ዕድሜው በሰው አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ። የልጁ እኩያ የሆነ ሹፌር «ውረድና ጎማ እይ» ሲለው እሺ ብሎ ይወርዳል።

ቅሬውም የራሱ ፔጆ ፒክአፕ አለው፤ ከስማቸው መኪና ጋር አንድ ዓይነት። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን፣ ሬሳውንም ስታመላለስ ኖራ ሞተሯ አልዞር ብሎ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ቅሬው እናስነሳት አለ። ዕቃዋ ከገበያ ከጠፋ ስለቆየ መሰሏን ፈልጎ ከመፍታት በቀር መላ የለም። አራጋው ይህን ሲሰማ ኮምቦልቻ አማቹ ግቢ አንድ የወደቀች ፔጆ እንዳለችው ተናገረ። ከድርጅት ጨረታ የተገዛች ናት፣ ለነፍሴ ስል ለቅሬው ሰጥቻለሁ አለ። ሰው ሁሉ መረቀው። ስማቸው ደግሞ ተነስቶ ጉልበቱን ሳመ። ይቺን የጉልበት ነገር ባሰብኩ ቁጥር ምራቄ ይመርረኛል።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። መኪናዋ በማሽላ አገዳ ተሸፍና ቆማለች። በሮቿ ተነቅለዋል። ዶሮ ሰፍሮባት ኩሱ ወለሉ ላይ ተጋግሯል፤ የወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ አይጥ ከነልጆቿ ሞታለች። አካሏን በመጥረጊያ የቀቧት ይመስል ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆባታል። ታርጋ የላትም፤ የሻንሲ ቁጥሯም ተፍቋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ አማቹ ዝገት ነው አለኝ። ዝገት እንዲህ ቀጥ ባለ መስመር እንደማይፍቅ አውቃለሁ። ግን ዳኛ የሰጣት መኪና ናት ብዬ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሞተሯንና የማርሽ ሳጥኗን ካንቢዮዋን ከነመያዣው አወረድኩና በአይሱዙ ጭኜ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ካንቢዮውን የሚይዘውን ብረት በናፍጣ ሳጥብ ከጭቃው ሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። የአልጋ ቀለም ነው። የእኔ አልጋ ቀለም።

ከጦርነቱ በፊት በአንድ ረመዳን፣ ስማቸው ሐርቡ መንገድ ላይ ድንጋይ መትቶ ይህ መያዣ ተሰበረበት። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ቲማቲሙ ሊበሰብስበት ነው። ከአልጋዬ እግር ቆርጬ በየድኩለት። በጾም ዝዬ የበየድኩት ስለሆነ መስመሩ ጠማማ ነው፤ ብረቷን በጉጠት ይዞ ያቆመልኝም ራሱ ስማቸው ነበር። አልጋዬ ዛሬም በአንድ በኩል በድንጋይ ነው የቆመው። ኡሙሰልማ አልጋው በተንቋቋ ቁጥር ስማቸውንና እኔን አንድ ላይ ትሰድበናለች።

መኪናዋ የስማቸው ናት። ያ ሁሉ መሐላ፣ ያ ሁሉ ምርቃት። ይህን እያሰብኩ ስማቸው ምሳ ይዞ በበሩ ገባ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ግሪስ በእጄ ዘግኜ አረንጓዴውን ለቀለቅሁት። እሱ ሳህኑን ከፍቶ «የአልታየች ሽሮ ነው» አለኝ። አብረን በላን።

ከምሳ በኋላ አራጋው ቤት ሄድኩ። የስማቸውን መኪና በበየድኩላት ብረት አውቄያታለሁ አልኩት። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም። ፍርፍር ቀርቦለት ይበላ ነበር።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ከታጣቂ ልደብቅለት ብዬ ነው ያሸሸኋት» አለኝ። «ኋላ ልቤ ሸፈተ። ይኸው ደሞ ለቅሬው መለስኳት። ነገ እሱንስ ሲሞት የምትሸኘው እሷው አይደለች? ይህ ነገር የወጣ ቀን ቅሬው ይፈርሳል። እስላሙም ለብቻው፣ ክርስቲያኑም ለብቻው ሊቀብር ነው። ይህን ነው የምትሻ?»

አያችሁ፣ የሰው መኪና ሰርቆ ቅሬውን መያዣ አደረገው። የቀበሮ ባሕታዊ ማለት ይህ ነው። ከፍርፍሩ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣ። ጥፍሩ ሥር ጥቁር አለ፤ መረቁ በአውራ ጣቱ ላይ ይወርዳል። «ብላ» አለኝ። ብውጠው ዝም አልኩ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ትልቅ ሰው ነው፣ ዳኛ ነው፣ ቅሬውም እውነት ቢፈርስስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና ዋጥኩት። ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ከስማቸው ጋር ጎን ለጎን ሠራን። እሱ ቡሎን እየጠረገ ያቀብለኛል፣ እኔ አጠብቃለሁ። የቅሬው ሹፌር እንደሚሆን ስለተነገረው ደስ ብሎት ነበር። ዳኛው ባይኖሩ መሪ ሳልጨብጥ እሞት ነበር ይለኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ እሠራለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሑድ ቅሬው ጋራዤ በር ላይ ተሰበሰበ። አራጋው አጠር ያለ ንግግር አድርጎ ስለ መተሳሰብ ተናገረ፤ ቁልፉንም በእጁ ለስማቸው ሰጠው። ሞተሩ ተነሳ። አልታየችና ሌሎቹ ሴቶች እልል አሉ። ስማቸው ዳገቱን ወጥቶ ሊመለስ ነበር።

የስማቸው ፔጆ አመል ነበራት። ማርሹን ወደ ራስ ስቦ ትንሽ ያልጠበቀ ሰው ሦስተኛ አይገባለትም፤ ካንቢዮው ይጮኽበታል። በዚያ ዳገት ሁለተኛውን ሲጨርስ ሰማሁ። ከዚያ ያቺ አጭር ዝምታ መጣች፤ ሦስተኛም ያለ ጩኸት ገባ። እጁ ከእሱ ቀድሞ አውቋታል። መኪናዋ ዳገቱ መሀል ቆመች። ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንከባላ መጣች።

ወረደ። ማንንም ሳያይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እግሮቹ ብቻ ይታዩን ነበር። ሲወጣ አውራ ጣቱ ላይ የእኔ ግሪስ ነበር። አራጋውን አላየውም፤ ያየው እኔን ነው።

«የአልጋህ ብረት ናት?» አለኝ።

«ናት» አልኩት፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

«መቼ አየሃት?»

«ማክሰኞ።»

አውራ ጣቱን አየ። «ማክሰኞ የአልታየችን ሽሮ አምጥቼልህ ነበር» አለ።

ሰው ነገሩ ሲገባው ፊቱን ወደ አራጋው መለሰ። አንድ ሽማግሌ ያን ዕለት የማልከው ምን ነበር ብሎ ጠየቀው። አራጋው ስለ ቅሬው አንድነት ጀመረ፤ የሚሰማው ጠፋ፤ ሰው አንድ በአንድ ከአጠገቡ ራቀ። ቅሬው ግን አልፈረሰም። ያን ቀን ቆሞ አራጋውን ከዳኝነት ሻረው፣ ፒክአፗም ለስማቸው ትሁን አለ። ስማቸው አልተቀበለም፤ የእኔ የሆነውን ብቻ ፍታልኝ አለኝ።

ከበርሜሉ በጣሳችን ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ሃያ ዓመት አብረን በጠጣንባት ጣሳ። ተቀበለኝ። ውሃውን ትንሽ አየው። ከዚያ ከመሬት አፈር ቆንጥሮ እያሸበት፣ በውሃው እጁን እስከ ክርኑ ታጠበና ጣሳዋን እግሬ ሥር ደፍቶ ከአልታየች ጋር ሄደ።

ግሪሱን ነው ያጠበው ያሉኝ አሉ፤ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ተጸያፊ ሰው ነኝ። ሰው ሰውን ተጸይፎ ሲታጠብ አውቃለሁ።