የለቅሶው ድንኳን

የአስካለች ልጅ ሀብተሚካኤል ሰውነቱ ከስቶ ቀበቶው ወገቡ ላይ አልቆም ካለ ሰነባብቷል። «ልጄ፣ ተመርመር፤ መድኃኒቱ እንደሁ በነፃ ሆኗል» ብላ ብትለምነው፣ «ሰፈሩ ሁሉ ሲመረመር እመረመራለሁ። ብቻዬን ጤና ጣቢያ በር ላይ አልታይም» አላት።

እናት ምን ታድርግ? ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ቀበሌው «የኤች አይ ቪ ምርመራ በየሰፈሩ ይደረግ፣ እድሮችም ያስተባብሩ» ሲል፣ ለእሷ ከሰማይ የወረደ መሰላት።

እድሩ ሊመክርበት ተሰበሰበ። ባለሱቁ ሙህዲን ተነሣ።

«መንግሥት ስላሰበልን አልጠላም። ግን እንዲህ ያለው ነገር በጎረቤት ፊት ይሆናል? ማን ቆይቶ ወጣ፣ የማን ፊት ጠቆረ እያልን ልንተያይ ነው እኮ! የፈለገ በሚስጥር ይሂድ።»

«አንተማ ስኳሩንም በሚስጥር ነው የምትሸጠው!» አለችው አንዷ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አስካለች ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። «ወንድሜ ሙህዲን፣ ሁላችን ከገባን ማን በማን ላይ ጣቱን ይቀስራል? ቦታ ከጠፋ የገዛ ድንኳናችን አለ፤ እሱ ይተከል።»

«ለለቅሶ የገዛነው?» ብለው የእድሩ ዳኛ አመነቱ። እጅ ወጣ፤ አስካለች ረታች።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ሀብተሚካኤል ቃሉን አላጠፈም፤ ካፖርቱን ደርቦ ተሰለፈ። ተራው ሊደርስ ሲል፣ የአክስቱ ልጅ የሺሐረግ ልትጠይቀው ከሳሪስ መጥታ ከታክሲ ወረደች። ድንኳኑን አየች። መታመሙን ታውቃለች። መቼም የእኛ ሰው ድንኳን አይቶ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ እያለቀሰ ነው የሚደርሰው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች፣

«ወንድሜን! ሀብትዬን! ሳልደርስልህ!»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ሀብተሚካኤልን አየው። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ፈንጠር አለች። የሳቀም አልጠፋ። ሙህዲን ብቻ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

«ይኸው እማዬ፣ በቁሜ ተለቀሰልኝ» አላት ሀብተሚካኤል። «ከዚህ ወዲያ ምኑ ይመረመራል?»

ቤቱ ገብቶ ተኛ። እናቱ እግሩ ላይ ብትወድቅ፣ ዳኛውን ሽማግሌ ብትልክ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዲያው እንደ ሻማ ቀለጠ።

ወርኃ ጽጌ ሳያልፍ ድንኳኑ እዚያው ቦታ ተተከለ። የሺሐረግ ከታክሲ ወርዳ ስታየው ቀጥ ብላ ቆመች። ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ፣ ሱቁን ወደሚዘጋው ሙህዲን ቀረበች።

«ደግሞ ዛሬ... ምን ተብሎ ነው የተተከለው?»

ሙህዲን ሱቁን ቆልፎ ወደ ለቀስተኞቹ ይዟት ሄደ።